ውድ የዳርዝ ቬደር ሐውልት እንዴት ይገመገማል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት ብዙ መቶ ዶላር አውጥተው የሳይንስ ልቦለድ ፊልም ገጸ ባሕርይ ሐውልት ለመግዛት የሚያስቡ፣ ወይም ገዝተው ካርቶኑን ከከፈቱ በኋላ ጥርጣሬ የገባቸው ሰዎች የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ለምሳሌ የተመረጠው ጥቁር ጭንብል፣ የራስ ቁርና ካባ የለበሰው የስታር ዋርሱ ዳርዝ ቬደር ነው።

እንዲህ ያለው ሐውልት ከአሻንጉሊት በምን ይለያል?

አሻንጉሊት ልጅ እንዲጫወትበት ይሠራል፤ እጅና እግሩ ይንቀሳቀሳል፣ ቢወድቅም ብዙ አይጎዳም። ሐውልት ግን አንድ ቦታ ተቀምጦ እንዲታይ ብቻ የሚሠራ ነው። አቋሙ አይለወጥም፤ ክንዱን ከፍ ላድርግ ቢሉ ይሰበራል። በምትኩ ቀራጺው የሚጨነቀው ለአንድ አቋም ብቻ ስለሆነ የካባው አጣጣል፣ የጓንቱ መሸብሸብ፣ የትከሻው አያያዝ በመገጣጠሚያ ሳይቆራረጥ ይወጣል።

በሁለቱ መካከል ያለ ሌላ ዓይነትም አለ። የሆንግ ኮንጉ ሆት ቶይስ የሚታወቅባቸው ባለመገጣጠሚያ ምስሎች የጨርቅ ልብስ የለበሱና የሚንቀሳቀሱ ሆነው ዋጋቸው ከአንዳንድ ሐውልት አይተናነስም። ስለ ሐውልት ሲወራ ቶሎ የሚነሡት ስሞች ግን የካሊፎርኒያው ሳይድሾው፣ የጃፓኑ ፕራይም 1 ስቱዲዮ፣ የብራዚሉ አይረን ስቱዲዮስና የኒውዚላንዱ ዌታ ወርክሾፕ ናቸው። የኩባንያ ስም ጥሩ መነሻ ነው፤ ፍርድ ግን አይደለም። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ሳምንት የወጡ ሁለት ቅጂዎች እንኳ በቀለም አቀባብ ሊለያዩ ይችላሉና መገምገም ያለበት እፊትዎ የቆመው ነው።

1/4 ወይም 1/6 የሚለው ምን ማለት ነው?

ሐውልቱ ከእውነተኛው አካል ስንት ጊዜ እንደሚያንስ ይናገራል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊልሞች የዳርዝ ቬደርን ልብስ ለብሶ የተጫወተው ዴቪድ ፕራውስ ቁመቱ 1.98 ሜትር ገደማ ነበር፤ ጫማውና የራስ ቁሩ ሲታከሉ ገጸ ባሕርዩ 2 ሜትርን ያልፋል። ስለዚህ 1/4 የሆነው ከጫማው እስከ ቁሩ ጫፍ 50 ሳንቲ ሜትር፣ 1/6 የሆነው 34፣ 1/10 የሆነው ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት።

ወጥመዱ ማስታወቂያው ላይ ነው። እዚያ የሚጻፈው ቁመት ብዙ ጊዜ መቆሚያውንና ወደ ላይ የተዘረጋውን ሰይፍ ይጨምራል። 70 ሳንቲ ሜትር የተባለው ሐውልት ሲደርስ ሰውየው ከ50 ሳንቲ ሜትር የማይበልጠው ለዚህ ነው። ከመግዛትዎ በፊት የገጸ ባሕርዩን ቁመት ብቻ ይጠይቁ፤ የመደርደሪያዎን ጥልቀትም ይለኩ። ካባው ወደ ኋላ የተዘረጋ ከሆነ ከቁመቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ጥልቀቱ ነው።

ከምን ይሠራል? ከባድ መሆኑስ የጥራት ምልክት ነው?

አብዛኛው ውድ ሐውልት ከፖሊስቶን ይሠራል፦ ሬዚን የተባለ እየጠነከረ የሚሄድ ፈሳሽ ከደቀቀ የድንጋይ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ፣ በሲሊኮን ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ፈስሶ ሲጠነክር የሚገኝ ነገር ነው። ሲነኩት ይቀዘቅዛል፣ ሲያነሡት ይከብዳል፣ ሲወድቅ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ጥቃቅን ዝርዝርን አሳምሮ ይይዛል፤ ቀጭን ነገር ግን አይሆንለትም። ጣት፣ የሰይፍ ጫፍ፣ የካባ ጠርዝ መጀመሪያ የሚሄዱት እነዚህ ናቸው። ለዚህ ነው ሥራውን የሚያውቅ ሠሪ ሰይፉን ከአክሪሊክ ወይም ከሌላ ፕላስቲክ የሚሠራውና በቁርጭምጭሚቱ ውስጥ የብረት ዘንግ የሚያሳልፈው። ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ቀለል ያለና በቀላሉ የማይሰበር ሲሆን ሙቀት ያለሰልሰዋል። የሰው ቁመት ያላቸው ግዙፎቹ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፋይበርግላስ ይሠራሉ።

ክብደት በራሱ የጥራት ማስረጃ አይሆንም። ሻጩ «ሲያነሡት ያውቁታል» ቢልዎ አይደነቁ፤ ከክብደቱ ግማሹ መቆሚያው ውስጥ የተሞላ ሬዚን ሊሆን ይችላል።

ካርቶኑን ስከፍት መጀመሪያ ምን ላድርግ?

የውጩን ካርቶን ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሡ፤ ስልክዎን አቁመው አከፋፈቱን በቪዲዮ ይቅረጹ። ተሰብሮ ደረሰኝ ሲሉ ሻጭም አጓጓዥም የሚጠይቁት ይህንን ነው፤ ለአቤቱታ የሚሰጡት ቀንም አጭር ነው። መሬት ላይ ብርድ ልብስ ያንጥፉና ከፎሙ (ሐውልቱ ከተቀበረበት ለስላሳ ማሸጊያ) ሲያወጡት ከወገቡ ይያዙት፤ ከክንዱ፣ ከሰይፉ ወይም ከካባው አይያዙ። ባዶ የመሰለውን የፎም ቀዳዳ ሁሉ በጣትዎ ይፈትሹ። ስንት ተቀያሪ እጅ ከፎም ጋር ቆሻሻ ውስጥ እንደተጣለ ቤቱ ይቁጠረው።

ከዚያ ሳይገፉ ይገጣጥሙት። በደንብ የተሠራ ክፍል በራሱ ክብደት ገብቶ ይቀመጣል፤ ማግኔት ካለው «ቀጭ» ብሎ ይይዛል። እምቢ ካለ አይምቱት፤ ብዙ ጊዜ መግቢያው ውስጥ ቀለም ደርቆ ነው፤ መሰኪያውን በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ማሸት ይበቃል። ተገጣጥሞ ሲያልቅ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አድርገው መቆሚያውን በአንድ ጣት ጫን ይበሉት። ቢነቃነቅ ከመቆሚያው ወይም ከጠረጴዛው አንዱ ጠማማ ነው፤ ሌላ ቦታ ላይ አስቀምጠው ይለዩት።

ጭንብሉ ግራና ቀኙ እኩል አይደለም፤ ቀለሙም ወጥ ጥቁር አይደለም። ጉድለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። እንዲያውም ሠሪው ፊልሙን በደንብ እንደሚያውቅ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣውን የመጀመሪያውን ፊልም ጭንብል ኮምፒውተር አልሠራውም (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ከፊልሙ ሠዓሊ ከራልፍ ማኳሪ ንድፍ ተነሥቶ ብራያን ሙየር የተባለው ቀራጺ ለንደን አቅራቢያ ባለው የኤልስትሪ ስቱዲዮ በእጁ በጭቃ የቀረጸው ነው። የእጅ ሥራ በመሆኑ ግራና ቀኝ ጉንጩ አይመጣጠንም። ቀለሙም ሁለት ዓይነት ነው፦ ከፊሉ የሚያንጸባርቅ ጥቁር፣ ከፊሉ የጠመንጃ አፈሙዝ የሚመስል ጥቁር ግራጫ። የጉንጩና የግንባሩ ጠርዝ ከጥቁሩ ተለይቶ የሚታየው በዚህ ነው። በ2005 የወጣው ፊልም ጭንብል ግን ግራና ቀኙ ተስተካክሎ እኩል ሆኗል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው «ይህ ሐውልት የትኛውን ፊልም ነው የሚወክለው?» የሚል ነው። ካርቶኑ ላይ የመጀመሪያውን ፊልም ጠቅሶ ፍጹም እኩልና ወጥ ጥቁር ጭንብል ካደረገ፣ ቅሬታ ማቅረብ የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

ሌሎች መለያዎችም አሉ። በ1977ቱ ፊልም ውስጠኛው ቀሚስ ከትከሻው ጥሩር በላይ ተደርቦ ይታያል፤ በ1980 በወጣው ሁለተኛው ፊልም ግን ከጥሩሩ ሥር ገብቷል። የመጀመሪያው የዓይን መስተዋት ብርሃን ሲያርፍበት ወደ ቀይ ያደላል፤ የኋለኛው ጥቁር ነው። ደረቱ ላይ ባለው ሳጥን ደግሞ በኋለኞቹ ፊልሞች ዕብራይስጥ የሚመስሉ ጥቃቅን ፊደላት ይገኛሉ፤ እስራኤል ያሉ ሰብሳቢዎች አገላብጠው ለማንበብ ሲሞክሩ ቢያዩ አይገረሙ። በ1/4 ልኬት የሠራ ሰው እነዚህን ፊደላት ለማስገባት ቦታ አላጣም። ከሌሉ የተዋቸው ስላልተጨነቀ ነው።

ሲያመሳክሩ ከፊልሙ የተወሰደ ምስል ይጠቀሙ። ሐውልትን ከሌላ ሐውልት ጋር ማስተያየት ስሕተትን በስሕተት መለካት ይሆናል። ሐውልቱን ፎቶ የሚያነሡ ከሆነም ስልክዎን አፍንጫው ሥር አይደቅኑ፤ ቅርብ ፎቶ ፊትን ያጣምማል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይበሉና በዓይኑ ትክክል ሆነው አጉልተው ያንሡ። ደህናውን ሥራ «አይመስልም» ተብሎ ያሳማው አብዛኛው ፎቶ ከቅርብ የተነሣ ነው።

የደረሰኝ ሐውልት የማስታወቂያውን ፎቶ አይመስልም። ተታልያለሁ?

በማስታወቂያው ላይ ያለው ናሙና ነው። አንድ ሠዓሊ ጊዜ ወስዶ በእጁ የቀባው፣ በስቱዲዮ መብራት የተነሣ ብቸኛ ቅጂ ነው። እርስዎ እጅ የገባው ደግሞ በአብዛኛው ቻይና ባለ ፋብሪካ በመቶዎችና በሺዎች ከተቀቡት አንዱ ነው፤ እሱም በእጅ ነው የሚቀባው፣ ሠራተኛው ግን ሌላ ነው፣ የተሰጠውም ደቂቃ የተቆጠረ ነው። «የመጨረሻው ምርት ከፎቶው ሊለይ ይችላል» የምትለዋ ትንሽ መስመር ለዚህ የተጻፈች ናት። መጠነኛ ልዩነት ማታለል አይባልም። ገና ትዕዛዝ ካልሰጡ ግን ከማስታወቂያው ፎቶ ይልቅ ቀድመው የደረሳቸው ገዢዎች በቤታቸው መብራት ያነሡትን ይፈልጉ።

መብራቱን ያጥፉና የእጅ ባትሪ ከጎን በኩል ያብሩበት። ከፊት የሚመጣ ብርሃን ጉድለት ይሸፍናል፤ ከጎን የሚመጣው ያጋልጣል። ቀለም ከወሰኑ አልፎ የፈሰሰበት፣ የሞልዱ መስመር ያልተሞረደበት፣ የአየር አረፋ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ነጥብ የተወበት ይታያል። ጥቁር ሐውልት ላይ ደግሞ አንድ ልዩ ፈተና አለ፦ የራስ ቁሩ፣ ቆዳው ልብስና ካባው ሦስቱም ጥቁር ናቸው፤ መለየት ያለባቸው በማንጸባረቃቸው ነው። ቁሩ እንደ መስተዋት ካላበራ፣ ቆዳው ለዘብ ካላለ፣ ካባው ብርሃን ውጦ ካልቀረ፣ የቀባው ሰው አንድ ቆርቆሮ ቀለም ይዞ ከላይ እስከ ታች ወርዶበታል ማለት ነው። እኔ ብሆን ጥቃቅን የቀለም ነጥብን አልፌ ይህንን አላልፍም።

የጨርቅ ልብስ ያለው ይሻላል ወይስ የተቀረጸው?

የጨርቅ ካባ እወዳለሁ። ውስጡ ሽቦ ካለው ጠርዙን እንደፈለጉ ማጠፍ፣ ነፋስ እንደነካው ማድረግ ይቻላል፤ እውነተኛ ጨርቅ ያለውን ጥቁረት ቀለም አያመጣውም። ነገር ግን አቧራ ይይዛል፣ በፀሐይ ይደበዝዛል፣ ጨርቁ ወፍራም ከሆነም በ1/4 ልኬት የጋቢ ያህል ከብዶ ይቀመጣል። የተቀረጸው ካባ አይለወጥም፣ ግን ከባድ ነው፣ ጠርዙም ተሰባሪ ነው።

የሚያሳስበው ከካባው ሥር ያለው ልብስ ነው። የዳርዝ ቬደር ልብስ ቆዳ ስለሆነ ብዙ ሠሪዎች ሰው ሠራሽ ቆዳ ያለብሱታል። ይህ ፖሊዩሬቴን የተባለ ፕላስቲክ የተለበጠበት ጨርቅ ከአየር እርጥበት ጋር እየተገናኘ ውሎ አድሮ ይሰነጣጠቃል፣ ከዚያም እየተላጠ ይረግፋል፤ ከጀመረ የሚመልሰው የለም። ስለዚህ ያገለገለ ሐውልት ሲገዙ የክንድ መታጠፊያውን፣ የብብቱንና የጉልበቱን ጀርባ ቅርብ ፎቶ ይጠይቁ። የጨርቅ ካባ ለብሶ የሰውነቱ ልብስ የተቀረጸ ከሆነ፣ ለእኔ ከሁሉ የሚሻለው ምርጫ ያ ነው።

ትንሽ ያዘነበለ ይመስለኛል። እየወደቀ ነው?

በመጀመሪያ መደርደሪያው ላይ ውሃ ልክ ያድርጉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጭንቀት እዚያ ያበቃል። መደርደሪያው ደህና ከሆነ ክር ላይ ትንሽ ክብደት አስረው እንደ ቱንቢ ከጎኑ ያንጠልጥሉና ከክሩ ጋር ፎቶ ያንሡት፤ ከአንድ ወር በኋላ ከዚያው ቦታ ይድገሙት። ካልተለወጠ አቋሙ ሲሠራም እንደዚያ ነበር ማለት ነው።

ከተለወጠ የተሠራበትን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ፒቪሲ በሙቀት ስለሚለሰልስ መዘንበሉ የታወቀ ነው፤ በፀጉር ማድረቂያ ቀስ ብሎ ማሞቅና ቀጥ አድርጎ ማቀዝቀዝ ብዙ ጊዜ ያቃናዋል። ፖሊስቶንን ግን በሙቀት አይንኩ፤ ቀለሙን ያበላሻሉ እንጂ አይቃናም። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የፀጉር ክር የመሰለ ስንጥቅ ይፈልጉ። ካለ ሐውልቱን ያስተኙት፤ ሻጩን ለማነጋገር ቆሞ እስኪሰበር አይጠብቁ። እንደ ገልፍ አገሮች ባለ ሙቀት ደግሞ ከሱቅ ወደ ቤት ስትሄዱ መኪና ውስጥ ዘግቶ መተው ፒቪሲውንም ማጣበቂያውንም መፈታተን ነው።

መብራት ያለውን ልግዛ?

የሰይፉ ቀይ ብርሃንና የደረቱ ሳጥን መብራት ማታ ያምራሉ፤ አይካድም። ግን ከሐውልቱ ሁሉ ቀድሞ የሚበላሸው ክፍል ያ ነው። ያገለገለ ከሆነ የባትሪ ድንጋይ ማስቀመጫውን ክፈትና አሳየኝ ይበሉ፦ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለበት ድንጋዩ ፈስሶ ብረቱን በልቶታል። እርስዎም የማያበሩት ከሆነ ድንጋዩን አውጥተው ያስቀምጡ። ከአሜሪካ የመጣ ሆኖ አዳፕተሩ 110 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የኢትዮጵያ 220 ቮልት ላይ አይሰኩት፤ በዩኤስቢ የሚሠራው ይህ ጣጣ የለበትም።

የእትም ቁጥሩ ትንሽ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል?

ከመቆሚያው ሥር 37/1500 የሚል ቢያገኙ ከ1500 ቅጂዎች 37ኛው ነው ማለት ነው። 37ኛው ከ900ኛው ተሽሎ አልተሠራም፤ ሞልዱም ቀለሙም አንድ ነው። ቁጥር 1 ወይም በጣም ትንንሾቹ ላይ ጥቂት የሚጨምር ገዢ አይጠፋም፤ ከዚያ ያለፈው የሻጭ ወሬ ነው።

ቁም ነገሩ ከመስመሩ በስተቀኝ ያለው ቁጥር ነው። 300 ቅጂ ብቻ የወጣለትና 3000 የወጣለት በገበያ እኩል አይታዩም። አንዳንድ ኩባንያ የእትሙን ብዛት አስቀድሞ አይናገርም፣ የተሰበሰበውን ትዕዛዝ ያህል ይሠራል፤ «ውስን» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ብዙ አይናገርም። «ልዩ ስሪት» የሚባለው ደግሞ በአብዛኛው ከመደበኛው የሚለየው በአንድ ተጨማሪ ክፍል፣ ለምሳሌ በተቀያሪ እጅ ነው። ያ ተጨማሪ ክፍል ከጠፋ ሐውልቱ መደበኛ ሆኗልና በመደበኛው ዋጋ ይጠይቁ።

ካርቶኑን መጣል እችላለሁ?

አይጣሉ። ሁለት ካርቶን ነው ያለው፤ ባለሥዕሉና ከውጭ የሚሸፍነው ቡናማ። ከሁለቱም ይበልጥ የሚያስፈልገው ውስጡ ያለው ፎም ነው፤ ለዚያ ሐውልት ብቻ ተለክቶ የተቆረጠ ስለሆነ ከጠፋ ሐውልቱን በደህና ማጓጓዝ አይቻልም፤ ገዢም ይህንን ስለሚያውቅ ዋጋ ይቀንሳል። በሌላ በኩል «ካርቶኑ አልተከፈተም» የሚል ሻጭ ዋጋ ሲጨምር ያስቡበት፦ ያልተከፈተ ካርቶን ውስጥ የተሰበረ ጣት ቢኖር ማን ያውቃል? እኔ ተከፍቶ በጥሩ ፎቶ የታየውን እመርጣለሁ።

ትክክለኛ ዋጋውን እንዴት አውቃለሁ?

አዲስ የ1/4 ሐውልት ዛሬ ብዙ ጊዜ ከ500 ዶላር ተነሥቶ 1,000ን ይሻገራል፤ ከዚያ የሚተልቁት ብዙ ሺህ ይደርሳሉ። የወጣበትን ዋጋ ማወቅ መነሻ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ሰው ስንት ጠራበት ሳይሆን በስንት ተሸጠ ነው። ኢቤይ በተባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይቶ ማየት ይቻላል፤ አንዱ 2,400 ዶላር ብሎ ለወራት ሰቅሎት የቆየ ሐውልት በዚያው ሰሞን በ900 ሦስት ጊዜ ተሽጦ ሊያገኙት ይችላሉ። የተሰቀለው ዋጋ ምኞት ነው።

ከዚያ መቀነስ ይጀምሩ። ካርቶን ከሌለው፣ የተላጠ ቆዳ ካለው፣ ክፍል ከጎደለው፣ የተጠገነ ከሆነ ይቀንሳል። የማጓጓዣውን ዋጋ ደግሞ ከላይ ይደምሩ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ፈጣን አጓጓዦች የሚያስከፍሉት በሚዛን ብቻ አይደለም፤ የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሳንቲ ሜትር አባዝተው በተለመደው ስሌት ለ5,000 ያካፍሉና ከሚዛኑ የሚበልጥ ከሆነ በዚያ ያስከፍላሉ። 70 በ50 በ45 የሆነ ካርቶን 31.5 ኪሎ ይሆናል፤ ውስጡ ያለው 12 ኪሎ ቢመዝንም የሚከፍሉት የ31.5 ኪሎ ነው።

ሕገወጥ ግልባጭ መሆኑን በምን ለይቼ አውቃለሁ?

ግልባጭ የሚሠራው ዋናውን ሐውልት ገዝቶ፣ ከእሱ ላይ ሞልድ አውጥቶ እንደገና በማፍሰስ ነው። ሬዚን ሲደርቅ ስለሚሸማቀቅ ግልባጩ ከዋናው ጥቂት ያንሳል። በመቶ 1 ብቻ ቢቀንስ እንኳ ከ50 ሳንቲ ሜትር ላይ 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዋናውን የያዘ ሰው ከለካልዎ ይታያል። ሹል የነበረው ጠርዝ ደንዝዞ፣ የደረቱ ሳጥን ፊደላት ተድፈንፍነው፣ የጓንቱ ስፌት ጠፍቶ ያገኙታል። መጀመሪያ የሚያዩት ጥልቅ የሆኑትን ቦታዎች ነው፦ የጭንብሉን አፍ ወንፊት፣ የጣቶቹን መሐል፣ የካባውን እጥፋት።

ከመቆሚያው ሥር የስታር ዋርስ ባለቤት የሆነው የሉካስፊልም የባለመብትነት ጽሑፍ፣ የሠሪው ስምና የእትም ቁጥር መኖር አለባቸው። ሉካስፊልም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የዲዝኒ ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የወጡት ካርቶን ላይ የዲዝኒን ስም ማየት የተለመደ ነው፤ ከዚያ በፊት በወጣው ላይ ካገኙት ግን አንድ ነገር አለ። ጽሑፍና ተለጣፊ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ብቻውን አይበቃም። የሻጩ ዋጋ ከተለመደው ግማሽ በታች ሆኖ፣ «ካርቶን የለውም፣ ቁጥር የለውም፣ ከፋብሪካ የተረፈ ነው» የሚል ታሪክ ከተከተለ ግልባጭ ነው ብለው ይነሡ። «ከፋብሪካ የተረፈ» የሚባለውን ታሪክ እስካሁን ያሳመነኝ ሰው የለም።

ተሰብሮ የተጠገነ መሆኑን ሻጩ ቢደብቀኝ እንዴት እደርስበታለሁ?

ጥሩ ጠጋኝ ስንጥቁን ሞልቶ ቀለሙን አመሳስሎ ሊቀባው ይችላል፤ በዓይን ብቻ ማግኘት ይከብዳል። በአካል የሚያዩት ከሆነ ብር የሚፈተሽበትን ዓይነት የአልትራቫዮሌት የእጅ ባትሪ ይዘው ይሂዱ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ሲያበሩበት አዲስ ማጣበቂያና አዲስ ቀለም ብዙ ጊዜ ከአካባቢው በተለየ መልክ ያበራሉ። በዚህ ገጸ ባሕርይ ላይ የሚጠረጠሩት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ሰይፉን የያዘው የእጅ አንጓ፣ የራስ ቁሩ የታችኛው ከንፈር፣ የካባው ጠርዝ፣ ቁርጭምጭሚቱ። ጥፍርዎን በቀስታ ያሳልፉበት፤ ዓይን ያላየውን ዕርከን ጥፍር ያገኘዋል።

በፎቶ ብቻ ከሆነ ሻጩን «ጉዳት አለው?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ ምንጊዜም «የለውም» ነው። «የእጅ አንጓውን ከአራት አቅጣጫ፣ ከመስኮት ብርሃን፣ የዛሬውን ቀን የጻፍክበት ወረቀት አጠገቡ አድርገህ ላክልኝ» ይበሉ። ላለመላክ ምክንያት የሚደረድር ሻጭ መልሱን ሰጥቶዎታል። ጥገና መኖሩ ብቻውን ግን ግዢውን ያስቀራል ማለት አይደለም። ተነግሮ፣ ታይቶ፣ ዋጋው ከተቀነሰ እኔ እገዛለሁ።

ዘመድ ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ ይዞልኝ ቢመጣስ?

ይቻላል፤ ግን ሁለት መሰናክል አለ። የብዙ አየር መንገዶች የሻንጣ ወሰን 23 ኪሎ ሲሆን የርዝመት፣ የወርድና የቁመት ድምሩም ከ158 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠየቃል። ከላይ የጠቀስነው ካርቶን 12 ኪሎ ብቻ ቢሆንም ድምሩ 165 ስለሆነ ትርፍ ያስከፍላል። የውጩን ቡናማ ካርቶን አስቀርቶ ባለሥዕሉን ብቻ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መምጣት ወሰኑ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል፤ ሻንጣ ጫኞች ግን «ተሰባሪ» የሚለውን ጽሑፍ አንብበው እንደሚያነሡት አይመኑ። ክፍሎቹ የሚነቃቀሉ ከሆነ ራሱና እጆቹ በእጅ ሻንጣ፣ የቀረው በትልቁ ይሁን፤ ብረትና መብራት ያለበት ሰይፍ በእጅ ሻንጣ ይዞ ፍተሻ ላይ ከመከራከር ግን እሱን በትልቁ ማድረግ ይሻላል።

ሁለተኛው ጉምሩክ ነው። ቀረጡ የሚሰላው ከዕቃው ዋጋ ተነሥቶ ስለሆነ ደረሰኙ በእጅ ይኑር። ደረሰኝ ከሌለ ዋጋውን የሚገምተው ሌላ ሰው ነው፤ ፊት ለፊቱ የቆመውን ግዙፍ ጥቁር ሰውዬ በስንት እንደሚገምተው አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ይዞ የሚመጣውን ዘመድዎንም ዋጋውን ሳይነግሩ አይላኩት፤ ጠረጴዛው ላይ ሲጠየቅ አፍ አውጥቶ የሚናገረው እሱ ነው።

ኩባንያው የዚያኑ ገጸ ባሕርይ አዲስ ስሪት ቢያወጣ የእኔ ዋጋ ይወድቃል?

ብዙ ጊዜ ለጊዜውም ቢሆን ይወድቃል። ዳርዝ ቬደር በየጥቂት ዓመቱ በአዲስ መልክ የሚሠራ ገጸ ባሕርይ ነው፤ አዲሱ ሲታወጅ የአሮጌው ባለቤቶች አዲሱን ለመግዛት የያዙትን በአንድ ጊዜ ወደ ገበያ ያወጡታል። መሸጥ የሚፈልጉ ከሆነ በዚያ ሰሞን አይሽጡ፤ መግዛት የሚፈልጉ ከሆነ ግን ደህና ዋጋ የሚገኘው ያን ጊዜ ነው።

ወድቆ የማይቀረው የትኛው ነው ቢባል፣ አዲሱ ያልደገመው ነው። የ1977ቱን ያልተመጣጠነ ጭንብል በትክክል የያዘ፣ አቋሙ ሌላ ቦታ የማይገኝ፣ እትሙ ያነሰ ሐውልት ፈላጊ አያጣም። ሁሉም የሚያውቀውን አቋም ይዞ ሰይፉን አቁሞ የቆመው ግን አዲሱ በተሻለ ቀለም ሲመጣ ቦታውን ይለቃል። ለትርፍ ብሎ የሚገዛ ሰው ደግሞ የሻጭ ድርሻን፣ ማጓጓዣን፣ ካርቶኑ ለዓመታት የያዘውን ቦታ ደምሮ ይመልከት፤ ከዚያ በኋላም የሚቀረው ነገር ካለ ይግዛ።